ጭነት የለመደ ጆሮ

ከይረዲን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ፣ በዚህ ጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽርሽር ሊነዳ ነው። መኪናዋ አንዲት ያገለገለች ነጭ ቶዮታ ናት። መንገዱ በድንበሩ ከተማ በደወሌ አድርጎ ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሐረማያና ሐረር። የጉዞው ጠንሳሽ ግን ሚስቱ ሙንተሃ ናት። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ከሱቁ መደርደሪያ አንድ ቀይ የሱፍ ሹራብ አውርዳ ለራሷ ካስቀረች አራት ዓመቷ። ጅቡቲ ላይ ሹራብ የለበሰ ሰው ቢታይ ሐኪም ይጠራለታል።

«እኔ የምፈልገው ብርድ ነው» አለችው። «ግን እወቀው፤ መኪናው ውስጥ ለሰው የሚደርስ ዕቃ ካየሁ እወርዳለሁ። ሹራቤን ይዤ በባቡር እሄዳለሁ።»

ነገሩ የቆየ ቂም አለበት። ከስምንት ዓመት በፊት በከባድ መኪናው ድሬዳዋ ይዟት ሄዶ፣ ጅቡቲ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ለእናቶቻቸው የላኩትን ሲያድል የሄዱበት ሦስት ቀን አለቀ። ሙንተሃ አይታ የተመለሰችው የሰው በር ብቻ ነበር።

«ወላሂ፣ አንዲት ክር አልይዝም» አለ ከይረዲን።

ሳምንቱን መኪናዋን ሲያሰናዳ ሰነበተ። የራዲያተሩን ውኃ ለወጠ፣ አዲስ የሞተር ቺንጋ አስገባ፣ ፓስፖርቱንና ሊብሬውን ድንበር ከሚያሻግረው ኢንሹራንስ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቀለለ። በመጨረሻ ወደ ጎማው መጣ። እሱ ጎማ የሚለካው በጆሮው ነው። በብረት መታ ያደርግና ድምፁን ያዳምጣል፤ ተሳቢውን አንዴ ዞሮ ነፋስ የጎደለውን ለይቶ ይናገራል። የቶዮታዋን ሲመታ ድምፁ ልል ሆነበት።

«ነፋስ ጨምር» አለው ጎሚስታውን።

«በቃት እኮ።»

«ጨምር ስልህ።»

ጎሚስታው ትከሻውን ሰብቆ ጨመረ።

ሐሙስ ከሰዓት በሄሮን ሰፈር በኩል የባሕሩን ዳር ይዘው ሞከሯት። መኪናዋ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለች። ሙንተሃ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጣሪያውን በራሷ መታችው።

«ምን ሆና ነው?»

«ባዶ ስለሆነች ነው። ባዶ መኪና ይዘላል።»

«እኔ ባዶ ነኝ?»

ከይረዲን ፍሬን ያዘ። አንድ ግቢ በር ላይ ትርንጎ ቆማ ነበር፤ እዚያ ቤት ሠራተኛ ናት፣ የሙንተሃም የሱቅ ደንበኛ። «እትዬ ሙንተሃ፣ ልትሄዱ ነው?» አለች ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ።

«እንሄዳለን። ዕቃ ግን አንይዝም» አለች ሙንተሃ።

ከይረዲን ሌሊቱን ስለ ክብደት ሲያስብ አደረ። ድንጋይ ልጫን ብሎ ነበር፤ ግን ድንጋይ ጭኖ ድንበር መሻገር ለሹፌር ነውር ነው። ጠዋት ስልኩ ጮኸ፤ እንደ ትርንጎ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ አገር ቤት ትሄዳለህ አሉ። ለእናቴ ትንሽ ነገር...» እሺ አለ። አንዷ ለሌላዋ ነገረች፤ ቅዳሜ ሲመሽ የኋላ ወንበሩ በዱቄት ወተት፣ በሕፃን ጫማና በሩዝ ከረጢት ተሞላ። ሁሉንም በብርድ ልብስ ሸፈነ። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ቢዞር መኪናዋ ረጋ ብላለች። «ይኸው፣ ክብደት ነበር የጎደላት» አለ ለራሱ።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ሙንተሃ ብርድ ልብሱን አይታ፣ ለሐረር ብርድ ያሰበላት መስሏት ደስ አላት። ከከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 ሲደርሱ ከተሰለፉት ከባድ መኪኖች መሀል የድሮ ባልደረባው ጎሳዬ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ሰላም ብሎ ሳይጨርስ በልማድ የያዘውን ብረት ጎማዋ ላይ አሳረፈና ሳቀ።

«ከይሬ፣ አርባ ቶን ልትጭንባት ነው እንዴ? ይቺ እኮ ድንጋይ ሆናለች።»

«በጆሮዬ ነው የለካሁት።»

«ጆሮህ ጭነት የለመደ ነው። የትንሽ መኪና ጎማ ሲመታ ልል ነው የሚመስለው። ይኸው ልኩ በሩ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ተከልክለሃል?» ብሎ የሹፌሩን በር ከፈተና አንገቱን አስገባ። «ያ ከኋላ ያለው ምንድን ነው ደግሞ?»

ሙንተሃ ዞር ብላ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። አየች። ሹራቧን አንሥታ ወረደች።

«ናጋድ የባቡር ጣቢያ ከዚህ ሩቅ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

ከይረዲን ይቅርታ መጠየቅ አይችልበትም። ማራገፍ ግን ይችልበታል። ከረጢቱን፣ ወተቱን፣ ጫማውን አንድ በአንድ ለጎሳዬ አቀበለው። ጎሳዬም ማዳበሪያ ጭኖ ድሬዳዋ ሊሄድ ነበርና ሁሉንም ጋቢናው ውስጥ ደረደረው። ከመንገዱ ዳር ያለ ጎሚስታ በሩ ላይ የተጻፈውን እያየ የጎማውን ትርፍ ነፋስ አስተነፈሰ። ከይረዲን የረሳው እንዳይኖር ብሎ በመጨረሻ እጁን በሙንተሃ ወንበር ሥር ሰደደ። አንድ የማያውቀው ጥቁር ፌስታል ወጣ።

«ይሄ የማን ነው?»

ሙንተሃ ወደ ከባድ መኪኖቹ ሰልፍ ተመለከተች። «የትርንጎ ነው። የእናቷ መነጽር። ሱቅ ድረስ መጥታ ስትለምነኝ ምን ልበል?»

ጎሳዬ ሳቁን ለመደበቅ ከጎማው ኋላ ጎንበስ አለ።

«ለሰው የሚደርስ ዕቃ ካየሁ እወርዳለሁ አላልሽም?»

«ወንበሬ ሥር ያለውን በምን አየዋለሁ?»

ከይረዲን ፌስታሉን ወደ ቦታው መልሶ በሩን ከፈተላት። ገባች።

«አንድ በር ብቻ» አለች። «ቆመን ሰጥተን እንሄዳለን። ሻይ እንኳ የለም።»

«የድሬ እናት ሻይ ሳታጠጣ ትለቅሻለች?»

«እሺ ሻይ። ምሳ ግን አንበላም።»

መንገዱን የሚያቋርጠው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ሙንተሃ በልማድ ጣሪያውን በእጇ ደገፈች። መኪናዋ ዘይት ላይ እንደምትሄድ ተንሸራትታ አለፈች።

«አየሽ፣ ባዶ ስትሆን...» ብሎ ጀመረና፣ በሩ ላይ የተጻፈው ልክ ትዝ ሲለው ማርሽ ቀየረ።

ሙንተሃ እጇን አወረደች፤ ሹራቧንም ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረች።