የጽገረዳ ክዳን

እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ፀሐዩ ላይ አትቁሚ፣ ግቢና ከጥላው ተቀመጪ። የማወጋችሁ የመርሳዋን የዙልፋን ነገር ነው። ነገሩ ስለ እጅ ነው፤ እጅ ባለቤቱን ጥሎ ስለሚሄድበት ቦታ።

ዙልፋ ስፌት ሰፊ ናት። ጎረቤቷ ጽገረዳም እንዲሁ ነበረች። የጽገረዳ ወላጆች ከትግራይ ለንግድ መጥተው ወልድያ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ተድራ መርሳ ገባች። አንዷ ትሰግዳለች፣ አንዷ ታስቀድሳለች፤ በተረፈ ግን ውሏቸው ከአንድ አጥር ሥር ነበር። ትልቅ መሶብ ሲታዘዙ ዙልፋ መቀመጫውን፣ ጽገረዳ ክዳኑን ትይዛለች። አይለኩም፣ ክር እንኳ አያስጠጉም። ሲያልቅ ግን ክዳኑ ከመሶቡ ላይ ግጥም ይላል።

መጀመሪያ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፤ ሐሜትም አይጠፋም፣ አላህ ይቅር ይበላቸው። ከዚያ ወሬው ይሳሳል፣ ይሳሳና ይቆማል። ወስፌው ብቻ ሳሩን እየወጋ ጭርት፣ ጭርት ይላል። ያን ጊዜ ልጅ ቢያለቅስ፣ ወጥ ቢያር አይሰሙም። የሰፈሩ ሰው «ተዋቸው፣ ስፌቱ ይዟቸዋል» ብሎ ያልፋል። ዙልፋ ገና ስትለምድ ዙሩን በጣቷ እየቆጠረች ስትንገላታ፣ ያስለመደቻት ጽገረዳ «ኧረ እጅሽን አትጠብቂው፣ ሌባ መሰለሽ እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

የዙልፋ ልጅ ለይላ ስትታጭ የሰርጓን መሶብ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ክዳኑ ከአናቱ ተነሥቶ ወደ ከንፈሩ፣ ወደ ጠርዙ ሲወርድ ጦርነቱ ደረሰ። በዚያ በ2013 ክረምት መድፉ ከወልድያ በኩል ሲያጓራ፣ ዙልፋ ልጇን ይዛ በግራና ከተማ በኩል ወደ ገጠር ሸሸች። ጽገረዳ «ባሌ ከወልድያ ሳይመጣ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች።

ዙልፋ ስትመለስ የጽገረዳ ቤት ክፍቱን ነው፤ እሷም የለች፣ ባሏም አልተመለሰ። የሚዘረፈው ሁሉ ተዘርፏል፤ ክዳኑ ግን ወስፌው እንደተሰካበት ከጥግ ወድቋል። አንዱ «ከቆቦ ወዲያ አይቻታለሁ» ይላል። አንዱ «ይዘዋት ሄዱ» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከመንገዱ ዳር…» ይልና ይተወዋል።

በሰፊዎቹ ዘንድ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ወስፌ የተሰካበትን የሰው ጅምር ሌላ ሰው አይጨርሰውም። የሚጨርሰው የጅምሩ ባለቤት የተቀበረች እንደሆነ ብቻ ነው።

ሰርጉ ቀረበ። ዙልፋ በራሷ እጅ አዲስ ክዳን ጀመረች፤ ጠበበ። ፈትታ ሌላ ሠራች፤ ሰፋ። መኪና ባለፈ ቁጥር ወስፌዋ ይቆማል። በር ሲንኳኳ ብድግ ትላለች። ጆሮዋ ከደጅ፣ እጇ ከጭኗ ቀርተው አንገናኝም አሉ። ዱዓ አደረገች፣ ቦታ ቀየረች፤ ስፌቱ አልይዛት አለ።

«እማ፣ የእትዬ ጽጌን ጨርሺው በቃ» አለች ለይላ።

«ልቅበራት?»

«እኔ እንዲያ አልኩ?»

«አልሽ እንጂ! እሱን መጨረስ እኮ ለቅሶ መቀመጥ ነው። ያለ ክዳን ትሄጃለሽ።»

«እንግዲህ አማቴ መሶቡን በነጠላቸው ይሸፍኑታላ!» ብላ ለይላ ተኮሳትራ ወጣች።

አንድ የገበያ ቀን፣ ለይላ ገበያ ሄዳ ሳለች፣ ዙልፋ አቧራውን ላራግፍለት ብላ ያን ክዳን ከጭኗ ላይ አኖረችው። ወስፌውን ነካ አደረገችው። አንዴ ብቻ ልውጋ አለች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታውቅም። ከአጥሩ ሥር ያ ጭርታ መጣ። የእሷ ሲወርድ ያኛው ይወጣል፤ ያኛው ሲወርድ የእሷ ይወጣል። ቀና ካለች እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ቀና አላለችም። መኪና አለፈ፣ አልሰማችም። የዐስር ሶላት አዛን ተጠራ፣ አልሰማችም።

«እማ!»

ለይላ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከማን ጋር ነው የምትስቂው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ከመንገድ ሰማሁሽ እኮ። ‹ኧረ ተይኝ ጽጌ› ስትዪ።»

ዙልፋ ወደ እጇ አየች። ወስፌው በግራ እጇ ነው። ጽገረዳ ግራኝ ነበረች፤ ስፌቷ የሚዞረው ከሌላው ሰው በተቃራኒ ነው። አዲሱም ዙር በዚያው በጽገረዳ አዟዟር ሄዷል፤ የማን የት እንዳበቃ አይለይም። ዙልፋ ደግሞ በግራ እጇ መርፌ እንኳ ይዛ አታውቅም።

ለይላ ክዳኑን አንሥታ ከመሶቡ ላይ አኖረችው። ግጥም አለ። ደስ ያላቸው ይመስላችኋል? የትኛዋም አልሳቀች።

«እማ… መጥታ ነበር?»

«እንጃ ልጄ።»

«የመጣች እንደሆን እኮ…»

«አውቃለሁ። በሕይወት ያለ ሰው በበር ነው የሚገባው። ዝም በይ።»

ከከንፈሩ ላይ አንዲት የአለላ ጫፍ ቀርታለች። ወደ ውስጥ ታጥፋ ከተሳበች ሥራው አለቀ። ዙልፋ ያዘቻት፤ መልሳ ለቀቀቻት።

«ይህችን እሷ መጥታ ትሳባት» አለች። «እጄን እንዲህ ያስለመደችው በሕይወት ሳለች ነው። መሞቷን ማንም አልነገረኝ፤ እኔም አልናገር።»

ለይላ በዚያው መሶብ ተዳረች፣ የአለላዋ ጫፍ እንደተንጠለጠለች። የሙሽራው ዘመዶች «ሙሽራዋ ጅምር ይዛ መጣች!» ብለው ቀለዱ። ዙልፋም አብራ ሳቀች። ዛሬም ትሰፋለች፤ ስፌቱም ዳግመኛ ይይዛታል። ሲይዛት ግን ያ ድምፅ ከአጥሩ ሥር ይመጣል፣ እሷም ቀና ለማለት አትደፍርም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገ እናንተም የምትወዱት ሥራ ይዟችሁ ጭልጥ ሲል፣ እጃችሁን ማን እንዳስለመደው አስቡ። አደራ፣ ስሟንም ያዙልኝ፤ ጽገረዳ ትባላለች።