የአባባ ደበላ ሳል

ምርቃት ሲጀመር አባባ ደበላን ሳል ይይዛቸው ነበር። ሠርግም ይሁን ክርስትና፣ ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ «ይባርካችሁ!» ሲል ሰው ሁሉ «አሜን!» ይላል፤ እሳቸው «እህ፣ እህ!» ይላሉ። ሰፈሩ የመርከብ ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ነው ብሎ ደምድሟል። ሌላ ጊዜ ሲስሉ ሰምቶ እንደማያውቅ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን የምታውቀው የልጅ ልጃቸው ሃዊ ብቻ ነበረች፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያሳደጓት አያቶቿ ናቸው። አባባ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ እምቢ ካለ ወዲህ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ይውሉ ነበር። ነገሩን ያጫወቷት እዚያ ሆነው፣ የማይወርዱበትን ግቢ ቁልቁል እያዩ ነው።

በወጣትነታቸው የንግድ መርከብ መካኒክ ነበሩ። ጄኖቫን፣ ካራቺንና ዮኮሃማን እንደ ሳሪስ አቦ ገበያ ያውቋቸዋል። ጄኖቫ ላይ ፓስታ በሹካ መጠቅለል ያስተማረቻቸው አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟን ግን ሚስታቸው እማማ ጠጄ አጠገብ እያሉ አንድም ቀን አልጠሩም። መርከቡ አሰብ ቆሞ ሳለ አባታቸው ሞቱ። ፈቃድ ወስደው ለቀብር መጡ። ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎች ተነሡና «ደበላ የአባቱን ማሳ ይጠብቅ! የአባቱን ቤት ያቁም!» ብለው መረቁ።

«አፌ አሜን አለ እንጂ እኔ አላልኩም» አሏት። «አፍ የለመደውን ነው የሚለው፣ ልጄ።»

ሽማግሌ ፊት የተባለ አሜን ደግሞ አይታጠፍም። መርከቡ ያለ እሳቸው ሄደ። ማሳውን ሲጠብቁ አረጁ። በመጨረሻ ማሳውም ለኮንዶሚኒየም ሆነና እዚያው ላይ በተሠራው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ገቡ። መሬቱ ሄደ፣ አሜኑ ግን አልለቀቃቸውም። ከዚያ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ምርቃት በመጣ ቁጥር አሜን ላለማለት ይስላሉ።

ሃዊ የእሳቸውን ወሬ ስትሰማ አድጋ ምን ልትሆን ኖሯል? የመርከብ ሞተር ተማረች። ሥራ አግኝታ፣ ዱባይ ላይ መርከብ እንደምትሳፈር የነገረቻቸው ቀን አባባ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ዮኮሃማ ከደረስሽ ሰላም በይልኝ» አሏት። በረራዋ ሳምንት ሲቀረው ሞቱ።

የሬሳ ሳጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ብሎ፣ ጎረምሶች አቁመው እየጎተቱ አወረዱት። አሁንም አልተዋቸውም ይሄ ቤት፣ አለች ሃዊ በልቧ፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው። ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ለአገራቸው ፍቅር ሲሉ የባሕር ማዶ ኑሯቸውን ትተው» ተባለ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ሃዊ ውሸት ነው ብላ መጮህ አማራት። ግን የት ይጮኻል?

በሰልስቱ፣ ድንኳን ውስጥ ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ፣ አጎቷ ጉዲሳ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ለሜሳ ጆሮ ጎንበስ ሲል አየችው። ተነሥታ ሄደችና አጎቷን ጠራችው።

«ሰኞ በረራ እንዳለኝ ነግረሃቸዋል?»

«ባሕሩ እንደሁ የትም አይሄድ። እናቴን በዚህ እድሜዋ ብቻዋን እንተዋት?»

«ቱሉ ዲምቱ አንተ ጋ ትሁናላ።»

«ቤቱ ይጠባል፣ ታውቂው የለ!»

ለሦስት ሶፋና ግድግዳ ለሚያህል ቴሌቪዥን ያልጠበበ ቤት ለእናት ጠበበ። አቶ ለሜሳ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ቆሙ። በሩን የእድሩ አግዳሚዎችና የተቀመጠው ሰው ዘግተውታል። እማማ ጠጄ እጇን ስበው አጠገባቸው አስቀመጧትና ያዟት። እጃቸው ቀዝቅዟል። እሷም ትወዳቸዋለች፤ መፈናፈኛ ያሳጣትም ይኸው ነው።

«የደበላን ነፍስ ይማር!»

«አሜን!»

«ቤቱን አይዝጋው!»

«አሜን!»

«ሃዊ ሩቅ አገር አትሂድ! የአያቷ ምርኩዝ ትሁን! በዚሁ ቤት ተድራ ትውለድ!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ በአንድ አፍ። ቃሉ ከሃዊ ጉሮሮ ተነሥቶ ጥርሷ ላይ ደረሰ። አፏን በነጠላዋ ሸፍና «እህ፣ እህ!» አለች።

«ውሃ ስጧት» አሉ አቶ ለሜሳ። ውሃ መጣ፣ ጠጣች፣ ሁሉም ጠበቃት። አቶ ለሜሳ ሞኝ አይደሉም። መዳፋቸውን እንደዘረጉ ዓይን ዓይኗን እያዩ ደገሙት። «የአያቷ ምርኩዝ ትሁን!»

ሃዊ እንደገና ሳለች። ሴቶቹ ተያዩ።

«በይ እንጂ፣ ሽማግሌ ቆሞ!» አለ ጉዲሳ።

አቶ ለሜሳ ሦስተኛ ጊዜ አሉት። አሁን ሳሉ እምቢ አላት። የድንኳኑ ሰው ሁሉ አፏን አፏን ያያል፣ ምላሷም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለመደውን ቃል ሊል ተዘጋጅቷል። አባባን እንዲህ ነው የያዟቸው ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ከንፈሯ ተላቀቀ።

«እህ!»

እሷ አይደለችም። አጠገቧ እማማ ጠጄ ጎንበስ ብለው ይስላሉ። ጉንፋን እንኳ ይዟቸው የማያውቅ ሴትዮ «እህ፣ እህ!» ይላሉ፤ ልክ እንደ ባላቸው፣ በዚያው ዜማ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት ኖረዋል። ባላቸው ለምን እንደሚስሉም ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልጠየቋቸውም።

የሚጦሩት ራሳቸው አሜን ሳይሉ ማን ይበል? የአቶ ለሜሳ መዳፍ ቀስ እያለ ወረደ። ጉዲሳ አንገቱን ደፋ። ሃዊ ዞር ብላ አያቷን አየቻቸው። ጉንጫቸው በእንባ ርሷል፣ ሳላቸውን ግን አላቋረጡም።

እጇንም አልለቀቁም። እንዲያውም ጠበቅ አድርገው ያዙት።