የዘገየችው ጣት

የኔታ ወልደጊዮርጊስ ደብረ ታቦር ውስጥ ሠላሳ ዓመት በገና አስተምረዋል። ዘንድሮ ቁርጥማት ግራ እጃቸውን ያዘው። ተማሪ ፊት ተቀምጠው መደርደር እንደማይሆንላቸው ሲያውቁ፣ ለማንም ያላስተላለፏትን አንዲት መዝሙር እንደምንም ደረደሩና ልጃቸው ቃልኪዳን ቀረጸችላቸው። ተማሪዎቹ ከዚያ እየሰሙ ይማሯታል።

ቀረጻ እንዲሁ እንደማይወጣ፣ ማስተሪንግ የሚባል የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ እንዳለው ነገረቻቸው። መጀመሪያ በኢንተርኔት ለሚሠራ ማሽን ላከችው። ወዲያው መለሰላት። የአውታሮቹን ንዝረት ጉድፍ መስሎት ጠርጎ አውጥቶታል። የኔታ ሰሙና ይህስ ክራር ነው፣ በገናዬ የታለ ብለው ጠየቁ።

ቀጥሎ ባሕር ዳር ላለ ባለሙያ ተላከ። ሰውየው ደክሞበታል፤ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ አስመስሎታል። ያምራል አሉ የኔታ። ግን ድምፁ እየተስተጋባ አንዱ አውታር ከሌላው አይለይም፤ ተማሪ ምኑን ይይዛል?

በመጨረሻ ቃልኪዳን ራሷ ኮምፒውተሯን ይዛ ተቀመጠች። ከቢሮ ስትመለስ ሦስት ቀን ሠራች። የኔታ አጠገቧ ሆነው እየሰሙ፣ ይህን ቀንሺ፣ ያን ተይ ይሏታል። በሦስተኛው ቀን ንዝረቱ ሙሉ ሆነ፤ ጣት ከጣት ተለየ። ያን ጊዜ ሦስተኛው ቤት ላይ የቀለበት ጣታቸው ስትዘገይ ሰሟት። ደግመሽ አሰሚኝ አሉ። ዘግይታለች። የባሕር ዳሩ ማስተጋባት ሸፍኗት ነበር።

ቃልኪዳን ድምፁን ቆርጣ ልታስጠጋው ሞከረች፤ ንዝረቱ መሀል ላይ እየተበጠሰ አስቸገራት። የኔታም በገናውን አነሡ። ጣቲቱ ጭራሽ አልታዘዝ አለች። መልሰው አስቀመጡት።

«ይቅር አባባ፣ ማን ያውቅብዎታል?» አለች።

«እነሱ የሰሙትን ነው የሚይዙት። እኔ ከዘገየሁ ይዘገያሉ፤ የእነሱም ተማሪዎች እንደዚያው። ኋላ መዝሙሩ እንዲህ ነው ይባላል። መቅረጫውን ክፈቺው። መግቢያው ላይ እናገራለሁ።»

«ሰው ሥራውን ሲያወጣ ያወድሳል እንጂ ስሕተቱን ያውጃል እንዴ?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ? ክፈቺው።»

ከፈተችው።

«ሦስተኛው ቤት ላይ የቀለበት ጣቴ ዘግይታለች» አሉ። «ሕመም ነው፤ መዝሙሩ እንዲያ አይደለም። እዚህ ላይ አትከተሉኝ።»

ቃልኪዳን ቀና ብላ አላየቻቸውም። ድምፅዎ ሻክሯል፣ ላለስልሰው ወይ ብላ ጠየቀች።

«ተይው። ደክሞኛል፤ እንዲሁ ላኪላቸው» አሉና ጋቢያቸውን ስበው ጋደም አሉ።