ጊታሩ ዝም ያለ ቀን

የአጎቴን ጊታር አሻሻልኩና አጎቴን አበላሸሁት። የገባኝ ደግሞ ባንዱ ለሥራ ሊፈተን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

አጎቴን የባንዱ ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። መቃኛ መሣሪያ በእጁ ነክቶ አያውቅም። አንገቱን ወደ አምፕሊፋየሩ ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሦስተኛዋን ክር ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ ይቃኛሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው። እናቴ ስለ ወንድሟ ስታወራ «ጆሮው ከላይ የተሰጠው ነው» ትላለች። እኛ ልጆቿ የተሰጠን ምን እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም።

ጊታሩ ታዲያ እንደተነካ የንብ ቀፎ እዝዝዝ ይል ነበር። ባንዱ ሊቀጠርበት ያሰበው የምሽት ክበብ ሥራ አስኪያጅ «ይህ እዝዝታ ካልጠፋ ሌላ ባንድ እቀጥራለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታችሁ አሰሙኝ» አላቸው። አጎቴ ወደ እኔ መጣ።

«ኤሌክትሪክ ነው አይደል የተማርሽው? እስቲ ዲግሪሽ አንድ ቀን እንኳ ለዘመድ ይጥቀም።»

ሥራው ከባድ አልነበረም። የክሮቹን ንዝረት የሚለቅመው አሮጌ ፒክአፕ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ስለነበር የመብራቱንም ጫጫታ አብሮ ይለቅማል። እሱን ነቅዬ ባለ ሁለት ጥቅሉን ተከልኩ፤ አንዱ የለቀመውን ጫጫታ ሌላው ያጠፋዋል። የዛጉትን የድምፅ መቆጣጠሪያዎች ቀየርኩ፣ የጊታሩን ሆድ በስስ መዳብ ለበጥኩ፣ ሽቦውን ሁሉ እንደ አዲስ በየድኩ። አምፕሊፋየሩ ላይ ስሰካው ፀጥ! የገዛ እጄን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ አጎቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቀ። አንድ ዓይኑን ገለጠ። መልሶ ጨፈነው።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?»

ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጎተተኝ። «የት አደረግሽው?»

«ምኑን?»

«እዝዝ የሚለውን!»

«አጠፋሁታ! አጥፊው አላልከኝም እንዴ?»

«ታዲያ እኔ በምን ልቃኝ?»

ለካስ ሠላሳ ዓመት ሲቃኝ የኖረው በመብራቱ ጫጫታ ነው! ከላይ የተሰጠው መሆኑስ እውነት ነው፤ በምሰሶ ሽቦ ነው የመጣው።

ስልኬን አውጥቼ መቃኛውን ከፈትኩና ድምፁን አሰማሁት። ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ የወረደ ነው። የኛ ከዚህ ከፍ ይላል።»

«ጋሼ፣ ትክክለኛው እኮ ይሄ ነው፤ በሰከንድ መቶ ዘጠና ስድስት ንዝረት።»

«ለማን? ደግሞ ሠላሳ ዓመት ‹ጆሮ› ስባል ኖሬ ዛሬ ሰው ፊት በስልክ ልቃኝ? ከነነፍሴ ቅበሪኝ!»

ዓይኔ አዳራሹ ጥግ ወዳለው የመጠጥ ፍሪጅ ሄደ። ያው መብራት፣ ያው ጫጫታ። ጠቆምኩት። ጊታሩን አንግቶ ሄደና ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈ።

«ጋሼ፣ ከጠማህ ክፈተው እንጂ አትለማመጠው!» አለ ከበሮ መቺው።

ይህን ጊዜ ፍሪጁ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ቅዝቃዜው በቅቶት ነበር። አጎቴ ሞተሩ እንዲነሳ ብሎ በሩን በረገደውና ብርዱ ውስጥ ቆሞ ያልበው ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ገባ።

«ኧረ ዝጋው፣ መጠጡን አሞቅከው! ዝግጁ ናችሁ?»

ዘፋኟ ማይክሮፎኑ ጋ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ከንፈሯን ገጠመች።

«እምምምም…»

ስልኬን አየሁ። ሁለት መቶ፤ ልክ እንደ ድሮው እዝዝታ። የአጎቴ እጅ በራሱ ጊዜ ሦስተኛዋ ክር ላይ ሄደ። ከደቂቃ በኋላ ሁሉም ተቃኝተው ነበር። ሦስት ዘፈን ተጫወቱ፤ ሥራ አስኪያጁም «ከሐሙስ ጀምሮ ግቡ» ብሎ ወጣ።

አጎቴ ወደ ዘፋኟ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ጆሮዬ ሥር ነው እዝዝ ሲል የኖረው፣ ጋሼ። በሕልሜም እሰማዋለሁ።»

«እኛም እናውቃለን» አለ ከበሮ መቺው። «ደስ ይበልህ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

አጎቴ ኩምሽሽ አለ። ጊታሩን ቀስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ።

«ፍሪጁ ግን ወርዶ ነበር» አለ። «በእሱ ቃኝቼ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።»

ከበሮ መቺው ከሳቁ ብዛት ዱላው ከእጁ ወደቀበት። እኔም ሳቅኩ። ያው መብራት አይደል? እንዴት አድርጎ ይወርዳል? ፍሪጁ እንደገና ተነስቶ ስለነበር ሳቄን ሳልጨርስ ስልኬን አስጠጋሁለት።

መቶ ዘጠና ስምንት።

ድጋሚ ለካሁ። መቶ ዘጠና ስምንት። መብራቱ ያን ቀን ደክሞ ኖሯል፤ እሱ ሲደክም ጫጫታውም ይወርዳል። ከበሮ መቺው በትከሻዬ በኩል አጮልቆ ቁጥሩን አየና ሳቁን ዋጠው።

«ጋሼ!» ብዬ ቀና ስል አጎቴ ጊታሩን አንግቶ እየወጣ ነበር። ዞር ሳይል በሩን ገጥም አድርጎ ዘጋው።