ያልተዘመረው መልስ

ጉዴ በአምቦ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት የተቀጠረችው ታላቅ ወንድሟ ሙለታ ተሯሩጦላት ነው። ሙለታ አስተማሪ ነበር፤ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መዘምራን ያሠለጥናል። አንድ ሚሲዮናዊ ትቶለት የሄደ የኖታ ጥራዝ ነበረው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ አውሮፓዊ ለሁለት የመዘምራን ወገንና ለኦርኬስትራ የደረሰው ቅዳሴ። ኦርኬስትራ ከየት ይምጣ? በአንድ አኮርዲዮን ተካው። አሥራ ሁለቱን በቀኝ፣ አሥራ ሁለቱን በግራ አቁሞ ሁለት ክረምት አለማመዳቸው። ጉዴ ከግራዎቹ ነበረች።

በ1971 ዓ.ም. ጥር ላይ ቤተ ክርስቲያኗ ታሸገች። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግፌ የዘማሪዎቹን ስም ከመዝገባቸው እንድትተይብ ሲያዛት፣ ጉዴ የራሷን ዘለለችው።

በሳምንቱ ሙለታ ጉዴ ወደምትተይብበት ጽሕፈት ቤት ተጠራ። ደግፌ ጥራዙን ፊቱ ወረወረው።

«ይሄ ነጠብጣብ የማን መልእክት ነው?»

«ኖታ ነው ጓድ። መዝሙር ነው።»

«ለምን ሁለት ቦታ ተጻፈ?»

«አንዱ ወገን ሲዘምር ሌላው ይመልሳል።»

«እስቲ ዘምረው!»

ሙለታ ጉሮሮውን ጠርጎ የቀኙን ወገን ጀመረ። «ኪርያላይሶን» ብሎ ቆመ፤ መልሱ የግራዎቹ ነውና። በልቡ ቆጥሮ ቀጠለ፤ እንደገና ቆመ።

ደግፌ ሳቀ። «ግማሹን ደብቀኸዋል!» ወደ ጉዴ ዞረ። «አንቺ አብረሻቸው ትዘምሪ ነበር ይባላል። መልሱን ታውቂዋለሽ?»

ዜማው አፏ ላይ ነበር። ከዘመረች ግን ስሟን መዝለሏ ይታወቃል።

«አላውቀውም» አለች።

ሙለታ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ስትጠብቅ ድምፁ ለስልሶ መጣ። «እውነቷን ነው። ድምፅ የላትም ብዬ ገና ድሮ አስወጥቻታለሁ።»

በማግስቱ ከአሥራ አንድ ዘማሪዎች ጋር በጭነት መኪና ወሰዱት። ስምንቱ ከዓመታት በኋላ ተመለሱ። ሙለታ የት እንደተቀበረ እንኳ አልታወቀም።

ጉዴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ለልጆቹ ዳቦ እየያዘች የሙለታን ሚስት አሰፋሽን ትጠይቅ ነበር። ደርግ በወደቀበት ክረምት፣ ከእንግዲህ መሸከም ሲያቅታት፣ ያንን ቀን አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

አሰፋሽ ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀቻት። «ብትዘምሪ ይለቁት ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ግን ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ።»

ያደጉት ልጆች ጓሮ ሲያወሩ ይሰማል። ጉዴ ሳትሰናበታቸው ወጣች።