ፎጣው ምን አጠፋ?

በእኛ ላውንደሪ አንድ ሕግ አለ። ደንበኛ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ እድፉን እኛ ቀድመን እናሳየዋለን። «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ቀለም ነክቶታል፤ ሊለቅም ላይለቅም ይችላል» እንለዋለን። ተስማምቶ ሲያበቃ ነው የምንቀበለው። አለዚያ ኋላ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁብኝ» ይመጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከስንት ጭቅጭቅ አድኖኛል።

አንድ ቀን ጠዋት የወንድሜን ልጅ ከማጠቢያው ማሽን ኋላ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ሚጣ ነው የምንላት፤ እድፍ በማስለቀቅ የሚስተካከላት የለም።

«ምነው ሚጣዬ? ማን አስለቀሰብኝ?»

«ማንም። ያንቺ ሕግ ነው ያስለቀሰኝ።»

ቀስ ብዬ ጎኗ ተቀመጥኩ፤ እሷም ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ከአራት ዓመት በፊት ከቀድሞ ጓደኛዋ ሄርፒስ የሚባል በሽታ ይዟታል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብልቷ አካባቢ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣና ይድናል፤ ይድንና ደግሞ ይመለሳል። አሁን ልታገባ ሁለት ወር ቀርቷታል። ሙሽራው ደግሞ ሌላ አይደለም፣ የራሳችን ልብስ ተኳሽ ነው። እንደ ብረቱ ቶሎ ስለሚግልና የተጨማደደ ነገር ማየት ስለማይወድ ሁላችንም «ካውያው» እንለዋለን። እስካሁን አብረው አላደሩም። በቀረባት ቁጥር አንዴ ራሴን፣ አንዴ ወገቤን እያለች ስትሸሸው ነው የከረመችው።

«ልንገረው እላለሁ፣ ምላሴ ይተሳሰራል። ዝም ብል ደግሞ እድፍ ደብቆ ልብስ ማስረከብ ሆነብኝ።»

«አንቺ ልብስ አይደለሽም፤ የያዘሽም እድፍ አይደለም፣ ሕመም ነው» አልኳት። «ግን ንገሪው። የሚሄድ ከሆነ ከሠርጉ በፊት ይሂድ።»

ለአፌ ቀለለኝ እንጂ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ካውያውን እንደ ልጄ ነው የምወደው፤ የእሷ ዓይን ደግሞ እሱን ሲያይ እንዴት እንደሚበራ አውቃለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መተኮሻው ክፍል ገብታ ነገረችው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ አንሶላ አጥፍ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዱን አንሶላ አራት ጊዜ ዘርግቼ አራት ጊዜ አጠፍኩት። የሚሰማው የእንፋሎቱ ፉጨት ብቻ ነበር። በመጨረሻ፣

«አይዞሽ። ለዚህ እኔ አውቅበታለሁ» አላት።

እኔን ያስደነገጠኝ ይቺ «አውቅበታለሁ» ያላት ነገር ናት።

በማግስቱ የሚጣ ፎጣና ሽርጥ ለብቻቸው የቀይ ጨርቅ ምልክት የታሰረበት ቅርጫት ውስጥ ተገኙ። ካውያው እነሱን ለይቶ ይቀቅላል፤ ከዚያ በዚህም በዚያም ይተኩሳል። የሻይ ኩባያዋን በእንፋሎት ይመታል። ወንበሯን በበረኪና እየወለወለ እኛን ሁሉ አስነጠሰን። በሦስተኛው ቀን ፎጣው ተቃጥሎ የብረቱ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ወጣበት።

ሚጣ ፎጣውን አየች፤ ቅርጫቱን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ተጸየፍከኝ አይደል? ሠርጉ ይቅር!» ብላው ወጣች።

ካውያው ብረቱን እንደያዘ ወደኔ ሮጠ። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ለሁለታችን ብዬ አይደል እንዴ? ከዘጠና ዲግሪ በላይ የሚቆም ጀርም የለም! ቁስሉ ከደረቀ ደግሞ አለቀ፣ ያኔ ምንም አያሰጋም።»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ አስቤው ነው።»

«ብረቱን መጀመሪያ አስቀምጥ። ከዚያ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን፤ አንተም እኔም ስለ ልብስ እንጂ ስለ ሰው ገላ አልተማርንም።»

ሚጣን ለምኜ፣ እሱን ጎትቼ፣ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። በር ላይ ላደርሳቸው ነበር፤ ግን አንዱ በቀኝ ሌላዋ በግራ ክንዴን ይዘው አለቅም አሉ። አብሬ ገባሁ።

የተቀበለችን ሲስተር ሳቂታ ናት። ካውያው ያደረገውን ሁሉ ከቅርጫቱ እስከ በረኪናው በኩራት ዘረዘረላት። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣

«ወንድሜ፣ ፎጣው ምን አጠፋ?» አለችው። «በማይመጣብህ በኩል አጥር አጥረሃል፤ በሚመጣብህ በኩል ግን በሩን ወለል አድርገህ ትተኸዋል። ይህ ነገር በፎጣ፣ በወንበር፣ በሽንት ቤት መቀመጫ አይመጣም። የሚተላለፈው ገላ ከገላ ሲነካካ ነው።»

«ቁስሉ ሲኖር ማለት ነው?»

«ያኔ በጣም ይብሳል። ቁስሉ ሳይወጣ ገና ሲያሳክካትና ሲለበልባትም እንደዚያው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስ ግንኙነት የለም። ነገር ግን ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚኖረው። አንዳንድ ቀን ምንም ሳይታይ ቆዳ ላይ ብቅ ይላል። ቁስል የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም።»

ካውያው ላብ አጠመቀው። ሚጣ መሬት መሬት ታያለች። ሲስተሯም ድምጿን ለስለስ አድርጋ ቀጠለች፤ ኮንዶም ብዙ ይከላከላል፣ ግን ሁሉንም ቆዳ ስለማይሸፍን ፍጹም አይደለም። ሐኪም ቢያዝላት ሚጣ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ደግሞ የማስተላለፉን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ሁለቱ ሲደረቡ ስጋቱ በጣም ይወርዳል። ስታረግዝም ለሐኪም ቀድማ ትንገር፤ ጥንቃቄ ይደረግላታል እንጂ ትወልዳለች።

ይህን ስትል ዓይኗ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ያን ሳምንት ጫፉ ላይ ምች ወጥቶብኝ ነበር።

«እናቴ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

«ምች ነዋ። ፀሐይ ነው የመታኝ።»

«ፀሐይ ከተኛበት ትቀሰቅሰው ይሆናል እንጂ እሱም ሄርፒስ ነው። የእሷው ሕመም ዘመድ ነው።»

አፈር ልብላ! አርባ ዓመት ሙሉ ፀሐይን ስረግም ኖሬ! ሚጣ ቀና አለች፤ አየችኝ፤ ከዚያ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ካውያውም፣ «እትዬ፣ የእርስዎንም ፎጣ ልቀቅለው?» አይለኝም!

«ዝም በል አንተ! መጀመሪያ የራስህን አንጎል ተኩስ!»

ሲስተሯም ከእኛ ጋር ስትስቅ ቆየችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ግን ይህ ወጥቶብዎት ሰው እንዳይስሙ፣ በተለይ አራስ ልጅ። ከአፍ ወደ ታችም ይተላለፋል። ብዙ ሰው ይዞት ሳያውቀው ይኖራል። ስለዚህ ማንም ማንንም አይጸየፍ።»

ሳቁ ሲበርድ ካውያው ጠየቀ። «ሁሉንም ብናደርግ ባዶ ይሆናል? አደጋው ማለቴ ነው።»

«አይሆንም። ዋሽቼ አልሸኝህም። በጣም ያንሳል እንጂ ባዶ አይሆንም።»

ካውያው ተነስቶ ወጣ።

በመስኮቱ አየሁት። ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሱሪውን ጉልበት በመዳፉ ያስተካክላል፤ ሲጨንቀው እንዲህ ነው። ሚጣ እጄን ጨብጣ ይዛለች፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ምን ይባላል? የፈራ ሰው ፍርሃቱን ይጨርስ።

ሲመለስ ሚጣ ፊት ቆመ።

«ሊወጣብሽ ሲል እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እነግርሃለሁ።»

«እያፈርሽም ቢሆን?»

«ባለፈው አፍሬ አይደል የነገርኩህ?»

እሱም ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው የቀረውን እኔ ፈቅጄ ነው የምወስደው። ተታልዬ አይደለም።»

«እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለች ሚጣ። «ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በለኝ። ሳትነግረኝ ዕቃዬን አትለይብኝ። ፎጣው ሲቃጠል እኔ ነኝ የነደድኩት።»

ካውያው ያን ጊዜ ነው የገባው። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ይቅር በይኝ» አላት። እኔም መስኮቱን አጥብቄ ማየት ጀመርኩ፤ ውጪ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ሲስተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንተስ ሳታውቀው ይዞህ እንደሆነ? ከፈለግህ ደምህን ማየት እንችላለን።»

«ይታይ!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ከመዳፉ እስከ ክርኑ የብረት ጠባሳ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ተቃጥሎ እሰይ እንጂ ወይ የማይል ሰው ነው። መርፌውን ሲያይ ግን ወንበሩ ላይ ተጣበቀ። ዓይኑን ጨፈነ። የሚጣን እጅ ያዘ።

«አለቀ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ገና በጥጥ እየጠረግሁህ ነው» አለችው ሲስተሯ።