ያልተባረከው ወይን

ዶብሪላ በሙቀቱ ወራት የምትቀመጥበት ጥላ ምሰሶው ከትራክተር የተፈታ ብረት ነበር። ትራክተር ሲገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድነው የብረት ቅስት፣ በእሷ ግቢ መሬት ላይ ተተክሎ ወይን ተሸክሟል። ባሏ ራዲሳቭ የፕሪም ቅርንጫፎቹን እየሰበረ አስቸገረኝ ብሎ ከዓመታት በፊት ፈታው፤ እሷ ደግሞ ዝም ብሎ ከሚዝግ ብላ ከእናቷ ግቢ ያመጣችውን ሐረግ አወጣችበት። በሹማዲያ ኮረብታዎች ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። በዚያ መንደር ትራክተሩ ሁሉ ራሱን ገልጦ ነው የሚሄደው፤ ቅስቱ የዶሮ ማደሪያ ወይም የአጥር በር ሆኗል። ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ለፕሪሙ ሲሳሳ ለራሱ መሳሳት ይረሳል እንጂ።

አበልጃቸው ስሬተን ብቻ ነበር የሚነዘንዛቸው። ባለፈው ጸደይ ትራክተሩ ተገልብጦበት አንድ እግሩ አጥሮ ቀርቷል። በመጣ ቁጥር ወንበሩን ጥላው ስር ያስጠጋና የፕሪም አረቄውን እየተጎነጨ ቀና ብሎ ብረቱን ያያል።

«አንተ ራዲሳቭ፣ ይሄ ነገር የተሠራው ለወይን ነው ለጭንቅላት?»

«ጭንቅላት ላለው ሰው ነዋ፣ አበልጅ። አንተን ምን አገባህ?»

ይሳሳቃሉ። ዶብሪላም አብራ ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ግን ራዲሳቭ ከላይኛው ማሳ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ዳገቱ ላይ የኋላ ጎማው ከድቶት፣ ትራክተሩ በአንድ ጎኑ ተነስቶ እንደ ምንም ተመልሷል። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ የብሎን መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ «መቀሱን አምጪልኝ» አላት። «ይሄን ሐረግ ቆርጬ ቅስቱን ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ።»

«ዛሬ?» አለች ዶብሪላ። ዘለላዎቹ መጥቆር ጀምረዋል። በዚያ አገር ለደብረ ታቦር ቄሱ ሳይባርኩት ወይን የሚቀምስ የለም፤ የእሷ እናት ደግሞ ከዚያ በፊት ፍሬ የያዘ ሐረግ በብረት መንካት ራሱ ኃጢአት ነው ትል ነበር። «በዓሉ እኮ ደረሰ። ሳይባረክ መሬት ልትጥለው ነው? እስከዚያ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ራዲሳቭ ብረቱን አየ፤ እሷን አየ። «እሺ፣ ያንቺው ይሁን» አለና የብሎን መፍቻውን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከሥራው በመገላገሉ ደስ ሳይለው አልቀረም። እሷም ቀለል አላት፤ ምነው ባልቀለላት።

በማግስቱ ከዝናብ በኋላ ሣሩ ረጥቦ ያብረቀርቃል፤ የረገፈው ፕሪም ከዛፎቹ ስር ተነጥፏል።

«ሣሩ እስኪደርቅ ብትቆይ ምን አለበት?» አለችው።

«ፕሪሙ መሬት ላይ እየበሰበሰ? ተርቦች ከእኔ ቀድመው ይስከሩ?» ተሳቢውን አያያዘ። «ለምሳ እደርሳለሁ። ቃሪያውን ጥበሺልኝ።»

ወጣ። ዶብሪላ ቃሪያውን ምድጃ ላይ ጥዳ ጆሮዋን ወደ ኮረብታው ጣለች። የትዳር ዘመኗን ያንን ሞተር ስትሰማ ነው ያሳለፈችው፤ የት እንደደረሰ ሳታይ ታውቃለች። አሁን ዳገቱን ጨረሰ። አሁን አጠፋው፤ እየጫነ ነው። ሲወርድ ከባድ ይሆናል። ቃሪያው እያረረ ትታው መቀሱን አነሳች።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ሐረጉን ከግርጌው ቆረጠችው። ዘለላው ሲረግፍ ዶሮዎቹ ሳይባረክ ተሻሙበት።

ስሬተን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አያትና ቆመ። «አበልጄ፣ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ና እርዳኝ። ለምሳ ሲወርድ ይሄን ሳይገጥም ከግቢው አይወጣም። ከፈለገ ይጩኽ።»

ስሬተን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። እግሩን እየጎተተ ገብቶ ብረቱን ከመሬት ነቀለው። ዶብሪላ ብሎኖቹን ፍለጋ ጎተራ ገባች። ራዲሳቭ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆርቆሮ ውስጥ አኑሯቸዋል። ለካ አንድ ቀን ሊመልሰው ያስብ ኖሯል። ብሎኖቹን ይዛ ወጣች።

ኮረብታው ላይ ሞተሩ ተነሳ። ጭነት ይዞ ሲወርድ የሚያሰማው ወፍራም ድምፅ ነው።

«እየመጣ ነው» አለች፤ ፊቷ በራ።

ከዚያ ድምፁ በአንዴ ቀጠነ። ጎማዎቹ መሬት እንዳልነኩ ሁሉ ከፍ ብሎ ይጮህ ጀመር። ስሬተን ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከተገለበጠው ትራክተሩ ስር ሆኖ ሰምቶታል። ቅስቱን ከእጁ ለቀቀው።

«አበልጄ፣ አንቺ እዚሁ ቆዪ።»

አልቆየችም። ብሎኖቹን በእጇ እንደጨበጠች ዳገቱን ተያያዘችው። ሞተሩ አሁንም ይጮኻል፤ እነሱ እስኪደርሱ ድረስ የሚያጠፋው ሰው አልነበረም።